የክብሪት ገበያ

ጧት እሳት ላያይዝ ክብሪት ፍለጋ ወደ ፊተኛው ክፍል ብገባ፣ ከቀበሌ ሱቅ በወር በራሽን የምናገኛትን ያቺን አንዲት ፓኮ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው ሁለት ጢም ያወጡ ወንዶች ይጨቃጨቁባታል። አንዱ እኔ ያሳደግኩት የእህቴ ልጅ ሞገስ ነው። ሌላው ገብረየስ ነው፤ ከጥጥ መዳመጫ ሒሳብ ክፍል ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ቁርሱን እኔ ቤት የለመደ ሽማግሌ።

«ይኼን ሁሉ በዐሥራ አራት እወስደዋለሁ» ይላል ገብረየስ፣ ክምሩን በጣቱ እየነካ።

«በዐሥራ አራት! ጋሼ፣ ትናንት ከታች የመጣውን መኪና አላዩትም? ባሌስትራው ተኝቶ ነው ያለፈው። ዐሥራ ስምንት ካላሉ ንክች እንዳያደርጉት።»

«ባሌስትራው የተኛው በጥጥ ይሁን በድንጋይ በምን አወቅክ?»

«ሸራው ላይ ጥጥ ተጣብቆ ነበራ!»

«ዐሥራ አምስት። ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም የለችኝም።»

«ሽጫለሁ!» አለና ሞገስ ክብሪቱን ገፋለት። ተነሥተው እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጨርሱት፣ ከልባቸው፣ ጭብጥ አድርገው፣ ልክ ከብት እንደተሻሻጠ ሰው። እኔ በመካከላቸው እጄን ሰድጄ አንዷን እንጨት መዘዝኩ።

«የመቶ አክሲዮን ባለቤት ሆኑ እትዬ» አለኝ ሞገስ።

«በመቶ አክሲዮንህ የሚስትህን የእግር ውኃ ላሞቅበት ነው» ብዬው ወጣሁ።

ጨዋታቸው ይኼ ነው። አንዷ የክብሪት እንጨት መቶ አክሲዮን ናት። እርሻዎቹም ፋብሪካዎቹም እንዳሉ አሉ፤ ባለአክሲዮን የሚባል ፍጡር ግን ከአዋጁ ወዲህ የለም። አንድ የጥር ቀን ሬዲዮው የሰፊው ሕዝብ ሆነዋል አለ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ፣ በዚያው አለቀ። ለሞገስ ግን አላለቀለትም። አዲስ አበባ ባንክ ቤት ሲሠራ አክሲዮን የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች በየሳምንቱ የሚገናኙበት ክፍል ነበር፤ እሱ ሙያውን የቀሰመው እዚያ ነው። ቀን የገዢና የሻጭ ዋጋ እየጠራ ያገናኛል፤ ማታ የየኩባንያውን ሒሳብ እየዘረጋ የትኛው ጤነኛ፣ የትኛው ውስጡ የበሰበሰ እንደሆነ ይመረምራል። አለቃው አንድ ቁጡ አርመን ነበር። የቱንም ያህል ቢደክምበት፣ ምርመራው ግርጌ ላይ ግዛ፣ ያዝ ወይም ሽጥ የምትል አንዲት ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮባት ካላገኘ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ይወረውርበታል። «ያቺን ቃል ለመጻፍ ካልደፈርክ ምኑን መረመርከው?» ይለው ነበር አሉ። ሞገስ ይኼን ሲያወራ ዐይኑ ይበራል፤ የሰው ልጅ ፊቱ ላይ ወረቀት በተወረወረበት እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።

ገበያው ይከፈታል ብሎ ያምናል። ዛሬ ባይሆን ከዐሥር ዓመት በኋላ ይከፈታል፣ ያን ቀን ሙያው እጁ ላይ እንዲገኝ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከገብረየስ ጋር ይለማመዳል። ጋዜጣ ላይ የምርት ዜና ያነባሉ፣ በአስፋልቱ የሚያልፈውን ጭነት ያያሉ፣ ዋጋ ያወጣሉ፣ ይከራከራሉ። እኔንም ሳልለምነው አስተምሮኛል። ይርጋለም ጠጅ ቤት እንደነበረኝ ያውቃልና በጠጅ ነው ያስተማረኝ። «እትዬ፣ አንዲት ጠጅ ጣይ በጋኗ የተኛውን ያልተሸጠ ጠጅ እንደ ትርፍ ብትቆጥረው ምን ይሏታል?» አለኝ አንድ ቀን። ደደብ አልኩት። «የማር ዕዳዋን በሌላ ዕዳ ብትከፍልስ?» ደደብ፣ ደግሞም በቅርብ የምትሰደድ አልኩት። «በቃ፣ ሒሳብ መመርመር ማለት ይኼው ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ የፊደል ነገር ገና ቢሆንም፣ በመሠረተ ትምህርቱም ገና ከ«ረ» አልዘለልኩም፣ የሰውን ሱቅ ሳይ መደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጣውን ዕቃ መቁጠር ለምዶብኛል።

ያን ጠጅ ቤት ሸጬ ነው አክሲዮን የገዛሁት። የገዛልኝ እሱ ነው። በጥጥ እርሻ ላይ ነበር። ከአዋጁ በኋላ ስለዚህ ነገር እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ። በአንድ ጣራ ሥር ስንት ዓመት ስንኖር አንድም ቀን አላነሣነውም። ከባንክ ቤት ተባርሮ፣ የመኳንንት አሽከር ተብሎ ታስሮ፣ ተፈትቶ ሚስቱን ይዞ አዋሳ በሬ ላይ ሲቆም፣ አዋሳ ነበር ያኔ የምንላት፣ ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። የኋለኛውን ክፍል ለቀቅኩላቸው። በግድግዳው ወዲያና ወዲህ እየተኛን ስሳል ይሰማል፣ ሲገላበጥ እሰማለሁ። ጠጅ ቤቴ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ተለስኖ ቀረ።

የዚያን ቀን ቀኑ ማክሰኞ ሆኖ ሳለ በማለዳ ገበያቸውን የዘረጉት ለማሟሟቅ ነበር። ሞገስ ፈተና አለበት። አንድ የመንግሥት እርሻ መሥሪያ ቤት ሒሳብ መርማሪ ፈልጎ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ደመወዙ ሦስት መቶ ብር ገደማ። ሞገስ በቀበሌው ሱቅ ስኳር እየመዘነ የሚያገኘው ሃምሳ ነው። ጤፍ በዚያ ሳምንት ኩንታሉ ከመቶ ብር አልፎ ነበር፣ እኛ ደግሞ ከጤፍ ከተለያየን ሰንብተናል፤ የበቆሎ ቂጣና ጎረቤቴ ታቢታ ከጓሮዋ የምትሰጠኝን ቆጮ ነው የምንበላ። ሚስቱ ፀሐይ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። እግሯ አብጦ ጫማዋ እምቢ ስላላት በባሏ ነጠላ ጫማ ትንፏቀቃለች። የሚወለደውን የምንጠቀልልበት ጨርቅ እንኳ የእኔ አሮጌ ቀሚስ ነው።

ሲወጣ ከበሩ ላይ ያዝኩት። «ያቺን የግርጌ ቃል እንዳትጽፋት» አልኩት።

«እትዬ ደግሞ! ልጅ ነኝ?»

«የመንግሥት ንብረት ነው የምትመረምረው። ግዛ ብትል ማን ይገዛዋል? ሽጥ ብትል ማን ይሸጠዋል? ሒሳቡን ጻፍ፣ ስምህን ጻፍ፣ ውጣ።»

«አልጽፍም አልኩ እኮ።»

«ማል።»

«ጸጋዬን ይንሳኝ» አለና ሳቀ። ፀሐይም ከመጋረጃው ጀርባ ሳቀች። ሸሚዙ ንጹሕ ነበር፤ ማታ በፍም ካውያ ተኩሳለት ክሳዱ ላይ ትንሽ ጠቆር አድርጋበታለች። ቢሆንም ያምርበት ነበር።

እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ሸኘሁት። አሮጊት አክስት ምን ትሠራለች ሊሉ ይችላሉ፤ ይበሉ። የሐይቁ ነፋስ የዓሣ ሽታ ያመጣል፣ ጋሪዎቹ ያቃጭላሉ፣ ፈረሶቹ አስፋልቱ ላይ ይንሸራተታሉ። አንድ ባለተሳቢ መኪና ከታች፣ ከጥጡ አገር፣ መጥቶ በአጠገባችን ሲያልፍ ሞገስ እንደ ልማዱ ቆሞ ጎንበስ አለ። ጎማውን አያይም፣ ሾፌሩን አያይም፤ ባሌስትራውን ነው የሚያይ፣ ጭነት ሲከብደው የሚተኛውን የሥር ብረት።

«ግማሽ ጭነት» አለ። «በዚህ ወር እንደዚህ መሆን አልነበረበትም።»

«ገዛኸው ሸጥከው?»

«ልያዘው» አለና ሳቀ። ትንሽ እንደሄድን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኼ ሥራ ከሆነልኝ እትዬ፣ እኔ ለእርስዎ...» ብሎ ጀመረ። የሚለውን አወቅኩት። «ዝም ብለህ ሂድ፣ ይረፍድብሃል» አልኩት። በሩ ላይ ጥበቃው መታወቂያውን ተቀብሎ አስገባው። ዞር ብሎም አላየኝ። የተቻኮለ ሙሽራ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ሄጄ የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ስኳር መጥቷል ተብሎ ከፊቴ የቆመው ሰው ብዛት ለሠርግ የተጠራ ይመስል ነበር። ሴቶቹ ዛሬ ሞገስ የት ሄዶ ነው ይኼ አዲሱ ልጅ ሚዛን የሚያዛባብን እያሉ አጉረመረሙ። እኔም አፌ መቼ ዝም ይላል! «የእኔ ልጅ ከዛሬ ወዲያ ስኳር አይመዝንላችሁም። ትልቅ መሥሪያ ቤት ፈተና ላይ ነው። እናንተ ባሎቻችሁ ደመወዛቸውን መቁጠር አቅቷቸው ጠጅ ቤት ሲያራግፉ፣ እሱ የአንድ እርሻ ሙሉ ሒሳብ ባንዴ አይቶ የታመመበትን ቦታ በጣቱ ይነካል። እንደ ሐኪም!» አልኩ። አንዷ «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዐውቆ ለምን ደኸየ?» አለችኝ። «ጊዜው የደደብ ስለሆነ!» አልኳት። ይኼን ያልኩት ጮክ ብዬ ነው። ጎረቤቶቼ ከት ብለው ሳቁ። እኔ ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይኼ ከጠጅ ቤቴ ያልተወሰደ ብቸኛ ንብረቴ ነው።

ስኳሩን ሳልደርስበት ታቢታ መጣች። ታቢታ የአጥር ጎረቤቴ ናት፣ ሲዳማ ናት፣ እሁድ ቸርች ትዘምራለች፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ታምሩ የበኩር ልጇ ነው። ነጠላዋን ሳታጣፋ ነው የመጣችው። ክንዴን ይዛ ከሰልፉ አወጣችኝ።

«ተራዬ ያልፋል!» አልኳት።

«ይለፍ። ከበቡሽ፣ ልጅሽን ሁለት ዘበኛ ይዘውት መጥተዋል። ቀበሌ አስገብተውታል።»

«የኔን ልጅ? ፈተና ላይ ነው እኮ።»

«ከፈተናው ነው የያዙት። ወረቀት ላይ መጥፎ ነገር ጽፏል አሉ። እኔ ወረቀቱን አላየሁም፤ የታምሩን ፊት ነው ያየሁ። የታምሩ ፊት ጥሩ አይደለም።»

ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ቀድሞ የቡና መጋዘን የነበረች ክፍል አለች፤ መስኮቷ የፍርግርግ ብረት ነው። ጥበቃው ታቢታን ሲያይ ፊቱን አዙሮ አሳለፈን። ሞገስ ከመስኮቱ ሥር ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ። ሸሚዙ ከትከሻው ተተርትሯል፤ ሌላ ነገር አላየሁበትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

«ጻፍካት» አልኩት።

«ጻፍኳት።»

«ምለህልኝ እኮ።»

«እጄ ነው የጻፈው እትዬ። እኔ ጨርሼ ስሜን ልፈርም ነበር። እጄ...» አለና ቀኝ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። ከዚያ ወደ ብረቱ ተጠጋ። «ምን እንደሰጡኝ ያውቃሉ? ያን እርሻ ነው የሰጡኝ። ስሙን ለውጠውታል፤ ግን መሬቱ ያው፣ መዳመጫው ያው፣ የማሽኖቹ ቁጥር ሳይቀር ያው። የእኛን እርሻ እትዬ! ስንት ዓመት ስለ እሱ በክብሪት ስገምት ኖሬ፣ እውነተኛው ሒሳብ እጄ ገባ። መጋዘን ውስጥ ያልተሸጠውን ጥጥ ትርፍ ብለው ጽፈውታል። አዲስ ትራክተር ገዝተው የሚነዳው የለም። ዕዳውን በዕዳ ነው የሚከፍሉት። በወረቀት አትርፏል፣ በካዝናው ግን አየር ነው ያለው። ጥርት ብሎ ታየኝ። እንዲህ ጥርት ብሎልኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ያቺን ቃል ሳልጽፍ ብነሣ...»

ከውጭ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል። ቆይቶ፣ ወደ መሬት እያየ፣ «ያኔ ግን ጤነኛ ነበር» አለ። «የእርስዎን ስገዛ ማለቴ ነው። ሦስት ጊዜ ነው የመረመርኩት። ጤነኛ ነበር። ሳላውቅ አይደለም ያስገባሁዎት።»

ስንት ዓመት በግድግዳው ውስጥ ተለስኖ የነበረው ነገር ወጥቶ በብረቱ መካከል ቆመ። አውቃለሁ ማለት ነበረብኝ። ማወቁንማ አውቅ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «እህል ቀምሰሃል?» የሚል ነው።

ታምሩ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ጀርባ ቁጭ ብሏል። ልጅ ሳለ ከእኔ ጓሮ ዛፍ ዘይቱን ይሰርቅ ነበር፤ አሁን ካኪ ለብሷል፣ ሽጉጥ ታጥቋል። ወረቀቱ ፊቱ ነው። ሁለት ጊዜ የተሰመረባትን ቃል ከቆምኩበት አየኋት። ፊደሎቹን በመሠረተ ትምህርት ገና አልደረስኩባቸውም፤ መስመሮቹን ግን አወቅኳቸው።

«እማማ ከበቡሽ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማሃለሁ።»

«ፈታኙ ካድሬ የሰፊውን ሕዝብ ንብረት ይሸጥ ብሎ ቅስቀሳ ጽፏል ብሎ ነው ያስረከበኝ። እኔ ምን ላድርግ? በዐሥራ አንድ ሰዓት ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት መኪና ይመጣል። መኪናው ላይ ከወጣ ከእኔ እጅ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚወስዱት አያውቁም፣ እኔም አላውቅም።»

ከዚያ መኪና ማን እንደተመለሰ ሁላችንም እናውቃለን። ከመንገዳችን ብቻ የሄዱትን ስም መጥራት እችላለሁ፤ አልጠራም።

ከጎኔ የቆመችው እናቱ ተናገረች። «ለከበቡሽ ንገራት» አለችው። እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሷ ናት የነገረችኝ። «ዛሬ ስብሰባ አለ። ሕዝቡ ፊት ተነሥተሽ ልጁ በሽተኛ ነው በይ። ጭንቅላቱ ነው በይ። ሰው ካመነሽ ታምሩ ቃለ ጉባዔ ይጽፋል። እብድ ነው ተብሎ ይለቀቃል። እብድ መኪና ላይ አይጭኑም።»

«የኔ ልጅ እብድ አይደለም» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች ታቢታ። «እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው? እሱም ያውቃል» አለች ልጇን እያሳየች። «ስለዚህ ነው ጥሩ አድርገሽ መናገር ያለብሽ።»

የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ውስጡ ይጋገራል። አግዳሚዎቹ ሞልተው ሰው በግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። የጧቶቹ የሰልፍ ሴቶች ከፊት ናቸው። ሞገስን ከጠረጴዛው ጎን አስቀምጠውታል፣ ጥበቃው ከኋላው። ገብረየስ ወሬውን ሰምቶ መጥቶ ከበሩ አጠገብ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። ፀሐይ አልሰማችም፤ እንዳይነግሯት ብዬ ነበር። ታምሩ መፈክሩን አስባለ፣ ይውደሙ የሚባሉት ወደሙ፣ ክሱን አነበበ። «ይኼ ግለሰብ ይኼን የጻፈው ዐውቆ ነው ወይስ በሕመም? የሚያውቀው ቤተሰብ ይናገር» አለ። ወደ እኔ አላየም።

ተነሣሁ። ልናገርበት የከፈትኩት ጧት «እንደ ሐኪም» ያልኩበትን አፍ ነው። ካንዷ አግዳሚ «ምነው እማማ፣ ሐኪሙ ታመመ?» የሚል ድምፅ መጣና ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው መንገዱን ያሳየኝ።

«ታመመ እንጂ!» አልኩ። «ጧት የዋሸኋችሁ ለአቅመ አዳም የደረሰ እብድ አሳድራለሁ ማለት አፍሬ ነው። እናንተስ ብትሆኑ ታወሩታላችሁ? ይኼ ሰው ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ክብሪት ይሸጣል። በፓኮ እንዳይመስላችሁ፣ ያንንማ ሱቁም ይሸጣል! አንድ በአንድ ነው የሚሸጥ። ይቺ መቶ ኩባንያ ናት ይላል። ይቺ ስኳር ፋብሪካ ናት ይላል። ጭንቅላቷ የተሰበረችዋን ደግሞ ይቺ ከስራለች ብሎ ያዝንላታል!»

ሳቁ ከቆርቆሮው ጋር ተጋጨ። ቀጠልኩ። «ዛሬ ጧት እሳት ላያይዝ አንዷን ብወስድበት ባለአክሲዮን ሆንሽ ብሎ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ባለአክሲዮንነቴ ውኃ እስኪሞቅ አልቆየም!» አሁን ሴቶቹ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ነው። «ከመኪናም ጋር ይነጋገራል። ከሾፌሩ ጋር አይደለም፣ ከባሌስትራው ጋር። አስፋልት ላይ ይንበረከክና እንዴት ዋልክ ይለዋል። ባሌስትራው ደግሞ ጥጥ ስንት እንደገባ ይነግረዋል። ለእኛ የማይነግረን ምን አድርገነው ነው?» ታምሩ ራሱ አፉን በእጁ ሸፈነ። «እናንተ ይኼን ሰው ፀረ አብዮት ነው ብላችሁ መኪና ላይ ብትጭኑት፣ መንገድ ላይ መኪናውን ለዘበኛው ይሸጥለታል!»

እንደዚያ ቀን አምሮልኝ አያውቅም። ጠጅ ቤቴ በሞላበት ዘመን እንኳ ሰው እንደዚያ አስቄ አላውቅም። በሳቁ መካከል ሞገስን አየሁት። አይስቅም፣ አያለቅስም። ገበያ ላይ ዋጋ ሲጠራ እንደሚያዳምጠው፣ ራሱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ያዳምጠኛል።

«የሚገዛው ማነው?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። «ሻጭ ካለ ገዢ አለ!»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ፤ ገብረየስ እኔ ቤት እንደሚውል የማያውቅ የለም። ሽማግሌው ባርኔጣውን ማሽከርከሩን አቆመ። «እኔማ...» አለ። «እኔማ ላስታምመው ብዬ ነው። በሽተኛ እንቢ አይባልም። ያለውን እሺ እለዋለሁ እንጂ፣ ከልቤ ገዝቼው አላውቅም።»

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሞገስን እንዳላገኘው ያን ጊዜ ገባኝ። ይቺ አገኘችው። ዐይኑ ከገብረየስ ላይ ተነሥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለው ታምሩ።

ሞገስ ተነሣ። ጥበቃው ሊይዘው ሲል ታምሩ በእጁ ከለከለው። ጠረጴዛውን ዞሮ በሕዝቡ መካከል እስከ እኔ ድረስ መጣና ፊቴ ቆመ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ። እሱና ገብረየስ ሽያጭ ሲጨርሱ እንደሚያደርጉት፣ ቀጥ አድርጎ፣ እንድጨብጠው። አዳራሹ ፈነዳ። «ክብሪት ሸጠላት!» አለ አንዱ። «በስንት ገዙት እማማ?» አለ ሌላው። እኔ ጨበጥኩት። እጁ በዚያ ሙቀት በረዶ ነበር። ሳይለቀኝ ጭብጥ አድርጎ ያዘኝና፣ ከዚያ ለቀቀኝ።

ታምሩ ቃለ ጉባዔውን አስጻፈ። በሽተኛ ስለሆነ ለቤተሰቡ ተሰጥቷል፤ ቤተሰቡ ይጠብቀው። ሊያልቅ ሲል አንድ የኮሚቴ አባል እጁን አወጣና «እብድ ደግሞ የሕዝብ ሚዛን እንዲይዝ አይፈቀድለትም» አለ። እውነት ነው ተባለ። ጧት ሃምሳ ብር ነበረው፤ ሦስት መቶ ሊያገኝ ወጥቶ ሃምሳውንም አጣ። መኪናው በዐሥራ አንድ ሰዓት መጥቶ፣ በር ላይ ጥሩምባውን ነፍቶ፣ ሌላ ሰው ይዞ ሄደ።

ዛሬም እንዲያ በይ ቢሉኝ እላለሁ። ይኼን የማወራው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም። በሕይወት አለ፤ አንዲት ሴት ልጁን አይቷል፤ ሌላውን እሱ ያውቃል።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊቴ ነው የሚሄደው። ጀምበር ከሐይቁ ማዶ እያዘቀዘቀች ነበር፣ ጋሪዎቹ መብራት አላበሩም። ገብረየስ እስከ መታጠፊያው ከኋላችን ተከትሎ፣ ከዚያ የለም። ከታች አንድ የጭነት መኪና መጣ። ሸራው በነፋሱ ይርገበገባል፣ ባሌስትራው ቀና ብሏል፤ ባዶ ነበር፣ እኔ እንኳ አየሁት። ቆም አልኩለት። ሞገስ አቧራው እንዳይገባበት ዐይኑን ጨፍኖ አለፈ።

«ባዶ ነው» አልኩት ከኋላው።

መንገዱን ተሻገረ።

ሚስቱ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ወሬው ሳይደርሳት ቀርቷል፤ ወይም ደርሷት ሌላ ወሬ ትጠብቃለች። «እሺ? አለፍክ?» አለችው። በአጠገቧ ገባ። እኔን አየችኝ፤ ስኳሩን አላገኘሁም አልኳት።

ከጠረጴዛው ላይ የጧቱን ክብሪት ሰብስባ ወደ ፓኮው መልሳው ነበር። ሞገስ ተቀመጠና ፓኮውን ከፈተ። አንዷን መዘዘ፣ ጫረ፣ እስከ ጣቱ ድረስ ስትነድ አያት፣ ጣላት። ሌላዋን መዘዘ። ኩራዙን ሊያበራ መስሎኝ ነበር፤ ኩራዙ እፊቱ ነው፣ አልነካውም። ፀሐይ «ኧረ ክብሪቱ!» ብላ ልትጮህ ስትል እጄን አፏ ላይ አደረግኩ። ጧት አንዲት እንጨት ብቻ ቆጥቤ የመዘዝኩት እኔ፣ ፓኮው ባዶ እስኪሆን ቆሜ አየሁት። የወሩ መጨረሻ ገና ነው። ነገ እሳት ከታቢታ ቤት እለምናለሁ።